ተከራይ የማይጠራበት ስብሰባ

ጀሞም ይሁን የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱም ይሁን ኮዬ ፈጬ፣ የኮንዶሚኒየም ኮሚቴዎች እሮሮ አንድ ነው፤ ስብሰባ ሲጠራ ሰው አይመጣም፣ መዋጮ በጊዜው አይገባም። ጥፋቱ የሚለጠፈው በነዋሪው ቸልተኝነት ላይ ነው። እኔ ግን ችግሩ ከማኅበሩ አመሠራረት ይጀምራል ባይ ነኝ። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ማኅበሩን ያቆመው በቤት ባለቤቶች ላይ ነው። በብዙ ብሎኮች ውሎ የሚያድረው ግን ተከራይ ነው። ደረጃውን በየቀኑ የሚወጣ የሚወርደው ሰው ድምፅ ከሌለው፣ ስብሰባው ባዶ ቢሆን አይገርምም።

ቤቶቹ በተከራይ የተያዙት በዕጣ ያገኟቸው ባለቤቶች ስለ ሕንፃው ግድ ስለሌላቸው አይደለም። የ20/80 የኮንዶሚኒየም መርሐ ግብር ዕጣ የደረሰው ሰው ሃያ በመቶውን ከፍሎ ቀሪውን በባንክ ብድር እንዲሸፍን ያደርጋል፤ ቤቱን ደግሞ ለአምስት ዓመት መሸጥ አይችልም። የወር ክፍያው ከገቢው በላይ የሆነበት ባለ ዕጣ ቤቱን አከራይቶ ራሱ ዝቅ ያለ ኪራይ ያለበት ቤት ቢቆይ ምን ይፈረድበታል? የሚያሳዝነው ዕዳውን በኪራዩ የሚገፋለት ሰው በሕንፃው ጉዳይ እንደ እንግዳ መቆጠሩ ነው።

ውጤቱን ለማየት የውኃ ፓምፕ ሲቃጠል የሚሆነውን መከተል ይበቃል። አራተኛ ፎቅ ያለችው ተከራይ ጄሪካን ተሸክማ ደረጃውን ትወጣለች። ኮሚቴው ለማሠሪያ መዋጮ ሲጠይቃት «ንብረቱ የእኔ አይደለም፣ አከራዬን ጠይቁ» ትላለች። ሌላ ሰፈር የሚኖረው አከራይ ደግሞ በስልክ «ውኃውን የምትጠቀመው እሷ ናት» ይላል። ሁለቱም ከራሳቸው አንፃር ልክ ናቸው፤ በመሐል ፓምፑ ሳይሠራ ይከርማል። የደረጃው አምፖልም፣ የሚገነፍለው የፍሳሽ ጉድጓድም፣ የጥበቃው ደመወዝም የሚንከባለሉት እንደዚሁ ነው።

ባለቤቶች የሚያነሱት ሥጋት አለ፤ ተከራይ አላፊ ነው፣ ነገ ለሚለቀው ቤት ዛሬ በእኛ ገንዘብ ይወስናል ይላሉ። ሥጋቱ መልስ ይገባዋል። ጣሪያ መቀየር፣ የጋራ መገልገያ ሕንፃውን ለረጅም ጊዜ ማከራየት፣ የሕንፃውን ዋና አካል የሚነካ ሥራ የባለቤቶች ውሳኔ ሆኖ ይቆይ። ጥበቃ፣ ጽዳት፣ ቆሻሻ፣ የውኃ ፈረቃና የመኪና ማቆሚያ ግን የሚኖርበት ሰው ጉዳይ ናቸው፤ በእነዚህ የባለቤቱም የተከራዩም ድምፅ እኩል ሊቆጠር ይገባል። አላፊነቱም ቢሆን እንደ ድሮው አይደለም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። ሁለት ዓመት ከፓምፕም ከፍሳሽም ጋር ለመተዋወቅ ከበቂ በላይ ነው።

ሌሎች ደግሞ ተከራዮች ከተደራጁ በኪራይ ላይ ያምፃሉ ብለው ይፈራሉ። የኪራዩ ጉዳይ በአዋጁና በውሉ የሚታይ ነው፤ ስለ ደረጃ መብራት የሚመክር ኮሚቴ አይወስነውም። ይልቅስ ተከራይ በስብሰባ የመናገር ዕድል ካላገኘ ቅሬታውን በአንድ መንገድ ብቻ ይገልጻል፤ መዋጮውን ባለመክፈል።

ዕድር ይህን ጥያቄ ከረጅም ጊዜ በፊት ፈትቶታል። ለቅሶ ቤት ድንኳን ሲተከል የሟቹን የቤት ካርታ የሚጠይቅ ዳኛ የለም፤ የሚታየው ወርኃዊ መዋጮውና በለቅሶ መገኘቱ ነው። ተከራይ የዕድር ጸሐፊ ሆኖ ሲያገለግል ማንም አይደንቀውም። በዚያው ግቢ፣ በእነዚያው ሰዎች መካከል፣ የብሎክ ስብሰባ ላይ ሲደርስ ይህ ወግ የሚቋረጥበት በቂ ምክንያት አይታየኝም።

ሙሉ መፍትሔው የ1995ቱን አዋጅ ማሻሻል ነው፤ ነዋሪ የሚለው ቃል ከባለቤት ተለይቶ በሕጉ ቦታ ያግኝ። እስከዚያው ግን ማኅበራት የዕለት ተዕለቱን ሥራ የሚመራ፣ ተከራዮች የሚመርጡትና የሚመረጡበት የነዋሪዎች ኮሚቴ ከጎናቸው ማቋቋም ይችላሉ። የመዋጮው ገቢና ወጪ በየወሩ በደረጃው መግቢያ ይለጠፍ። የስብሰባ ጥሪም ለባለቤቶች የቴሌግራም ቡድን ብቻ ተልኮ ከሚቀር፣ የእያንዳንዱ ቤት በር ይንኳኳ፤ በሩን የሚከፍተው ማንም ይሁን ማን።