የመንገድ መሐል ተሳፋሪ

በኢትዮጵያ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ አሠራር የተዘረጋው ከመናኸሪያ ተነሥቶ መናኸሪያ የሚገባ መንገደኛን በማሰብ ሲሆን፣ በሁለት መናኸሪያዎች መካከል የሚኖረው ሕዝብ ግን በቁጥር ከከተሜው የሚልቅ ሆኖ ሳለ በዚህ አሠራር ውስጥ የራሱ ስፍራ አልተሰጠውም። ጉድለቱ ጎልቶ ከሚታይባቸው መስመሮች አንዱ ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርደው 120 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መንገድ ነው፤ ከዚህም መንገድ ላይ አርባ ምንጭ ሊደረስ ጥቂት ሲቀር የሚገኘው የላንቴ መንደር ነገሩን አጥርቶ ያሳያል።

ከአዲስ አበባ አርባ ምንጭ ያለው ርቀት በቡታጅራና በሆሳዕና ወይም በሻሸመኔ በኩል እንደ መሄዱ ከ430 እስከ 500 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። አውሮፕላኑን አቅሙ የማይፈቅድለት ሰው ይህን መንገድ የሚጨርሰው ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ነው፤ ጎሕ ሳይቀድ መናኸሪያ ይደርሳል፣ ምሳውን ሹፌሩ በመረጠው ምግብ ቤት ይበላል፣ ከሶዶ በኋላም እንደ ሁምቦ፣ ብርብርና ዋጂፎ ያሉ ከተሞችን እያለፈ ወደ ቆላው ይወርዳል። በዚህኛው የመንገዱ ክፍል በግራ በኩል ከቀይ አፈር ዝቃጭ የተነሣ ውኃው ዓመቱን ሙሉ የደፈረሰው የዓባያ ሐይቅ፣ በቀኝ በኩል ደግሞ የጉጌ ተራሮች ሰንሰለት ሲታዩ፣ በመካከላቸው ባለው ለጥ ያለ መሬት ላይ ከተራራው የሚወርዱ ወንዞች ያጠጡት የሙዝ እርሻ ይቀጥላል። ላንቴ ያለው እዚህ ውስጥ ነው። አውቶቡሱ ለአንድ አፍታ ቀዝቀዝ ካለ ሴቶችና ልጆች ሙዝና ማንጎ የሞላ ሳፋ በራሳቸው ላይ አድርገው ወደ መስኮቱ ይሮጣሉ፤ ረዳቱ የበሩን ቆርቆሮ መትቶ «ሳበው!» ሲል ግብይቱ ገና አላለቀምና የቀረው ሂሳብ በመስኮት ይወረወራል፤ አንዳንዴም ሳይወረወር ይቀራል።

ለዚህ አካባቢ ሙዝ የተዘረጋው የመጓጓዣ ሥርዓት ለሰው ከተዘረጋው የተሻለ መሆኑ ሊያስገርም ይገባል። ሙዙ ገና ጥሬ ሳለ ተቆርጦ፣ ከማሳው ዳር ድረስ በመጣለት አይሱዙ ላይ ተጭኖ፣ ሌሊቱን ተጉዞ አዲስ አበባ ይገባል፤ እዚያም በተዘጋ ክፍል ውስጥ በላምባ ምድጃ ጭስና ሙቀት እንዲበስል ተደርጎ ለገበያ ይወጣል። ያንኑ ሙዝ ያመረተው ገበሬ ግን ለሕክምና ወደ ሶዶ ወይም ለጉዳይ ወደ አዲስ አበባ መሄድ ሲፈልግ ደጁ ድረስ የሚመጣለት ተሽከርካሪ የለም። ወንበር እንዲያገኝ መጀመሪያ ከሚሄድበት አቅጣጫ በተቃራኒ ወደ ደቡብ ተጉዞ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ወዳለው መናኸሪያ መግባት ይኖርበታል፤ የረጅም መስመር አውቶቡስ የሚነሣው በማለዳ በመሆኑም እዚያው አልጋ ይዞ ያድራል፣ በማግሥቱም የገዛ ቀዬውን በመስኮት እያየ ያልፋል። የአልጋው፣ የእራቱና የሚኒባሱ ወጪ ሲደመር ርካሽ የተባለው ጉዞ ለእርሱ ርካሽ አይደለም።

ሁለተኛው አማራጭ መንገድ ዳር ቆሞ እጅ ማውጣት ነው። ይህን አማራጭ ለመረዳት ታሪፍና ትርፍ የሚባሉትን ሁለት ነገሮች ማየት ያስፈልጋል። ታሪፍ ማለት መንግሥት ለሕዝብ ማመላለሻ የሚቆርጠው የክፍያ ልክ ሲሆን፣ የሚሰላውም በርቀቱ፣ በተሽከርካሪው ደረጃና መንገዱ አስፋልት ወይም ጠጠር በመሆኑ ነው። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ እየተነሣ ሲሄድ የሕዝብ ማመላለሻዎች በታለመለት ድጎማ እንዲታቀፉ የተደረገውም ይህ ልክ ከደሀው አቅም እንዳይርቅ ታስቦ ነበር። ትርፍ የሚባለው ደግሞ ከተፈቀደው ወንበር ቁጥር በላይ የሚጫን ሰው ነው። አውቶቡሱ ከመነሻው ሞልቶ ስለሚወጣ የመንገድ መሐል ሰው የሚሳፈረው ብዙውን ጊዜ በትርፍነት ሲሆን፣ ደረሰኝ አይቆረጥለትም፣ የሚከፍለውም ታሪፉ የሚለውን ሳይሆን ረዳቱ የጠራለትን ነው፤ ትራፊክ ፖሊስ ሲቀርብ «ዝቅ በሉ!» ተብሎ በወንበሮች መካከል ይጎነበሳል። ከፍሎ የተሳፈረ ዜጋ እንደ ኮንትሮባንድ ዕቃ የሚደበቅበት አሠራር ነው እንግዲህ።

የተለመደው ወቀሳ በረዳቱና በሹፌሩ ላይ ይወርዳል። ትርፍ መጫን አደገኛ መሆኑ አያከራክርም፤ በተገለበጠ አውቶቡስ ውስጥ ቆሞ የነበረ ሰው የሚደርስበትን ለማወቅ ጥናት አያሻም። ይሁንና ትርፍ በጫነ ላይ የሚጣለው ቅጣት ብቻውን የላንቴውን ሰው ከአውቶቡስ አውርዶ መንገድ ዳር ከማስቀረት በቀር ሌላ ያመጣለት ነገር የለም። በተለይ በ1979 ዓ.ም. የውኃ ቴክኖሎጂ ተቋም ሆኖ ተከፍቶ በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ የሆነው የአርባ ምንጩ ተቋም ተማሪዎቹን በሚጠራበትና በሚያሰናብትበት ሰሞን፣ እንዲሁም በበዓላት ዋዜማ፣ ከመናኸሪያ ውጪ ባዶ ወንበር ማግኘት የማይታሰብ ይሆናል።

በዚህ ዓምድ እምነት መፍትሔው ያለው በትኬቱ ላይ ነው። በዋና ዋና መናኸሪያዎች የተጀመረው የኤሌክትሮኒክ ትኬት አንድን ወንበር በመስመሩ ላይ ለሁለትና ለሦስት ቁራጭ ጉዞ ለመሸጥ ሊያገለግል ይችላል፤ ሶዶ ላይ የሚወርድ ሰው የለቀቀው ወንበር ከዚያ በኋላ ላለው መንገድ በታሪፉ ለሌላ ሊሰጥ ይችላል፣ ከአርባ ምንጭ ሲነሣም ጥቂት ወንበሮች ለላንቴ፣ ለዋጂፎና ለብርብር ተሳፋሪ ሊያዙ ይችላሉ። በባለንብረቶች በኩል የሚነሣው ተቃውሞ፣ ማለትም የተያዘው ወንበር ባዶውን ቢሄድ ኪሳራውን ማን ይሸከማል የሚለው፣ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ሆኖም ገንዘቡ አስቀድሞ በስልክ ለተከፈለበት ወንበር ይህ ስጋት አይሠራም። ጉዞው ይረዝማል የሚለው ግን ውኃ አይቋጥርም፤ አውቶቡሱ ዛሬም ትርፍ ለመጫን በየመንደሩ መቆሙ አልቀረም፣ ልዩነቱ የአሁኑ አቋቋም ሕግ የማያውቀውና ደረሰኝ የሌለው መሆኑ ነው።

የክልሉ ትራንስፖርት ቢሮና የአውቶቡስ ባለንብረቶች ማኅበራት ይህን በአንድ መስመር ላይ ሊሞክሩት ይገባል፤ ለሙከራውም ከሶዶ አርባ ምንጭ ያለው መንገድ በርዝመቱም በተሳፋሪው ብዛትም ተስማሚ ነው። እስከዚያው የፌርማታ ምልክትና ጥላ ያለው መጠበቂያ ላንቴ ላይ ማቆም አዲስ ሕግ አይጠይቅም።