ማሽኑ ሥራ ሳይጀምር የሽያጩ ሒሳብ አይዘጋ

በኢትዮጵያ የእንጨትና የብረታ ብረት ሥራ ቤቶች ውስጥ፣ በኮምፒዩተር እየታዘዙ የሚቈርጡ፣ የሚቀርጹና የሚበሱ ማሽኖች፣ ማለት በተለምዶ «ሲኤንሲ» የሚባሉት፣ እየተበራከቱ መሄዳቸው ከነጋዴው የተሰወረ አይደለም። አናጢው በመሮ ቀናት ይፈጅበት የነበረውን የበር ጌጥ ዛሬ ማሽኑ በሰዓታት ይፈጽመዋል። ነገር ግን ዕቃው ከሣጥኑ ወጥቶ ከተተከለበት ዕለት አንሥቶ የመጀመሪያውን ሥራ እስኪያወጣ ድረስ ያለው ጊዜ፣ አስመጪና ገዢ የሚቀያየሙበት ጊዜ ሆኗል። የቅያሜውም ሰበብ አዘውትሮ አንድ ዕቃ ነው፤ ይኸውም የማሽኑ አንጎል የሆነው መቆጣጠሪያ፣ ባለሙያዎች ኮንትሮለር የሚሉት ነው።

ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው እንዲህ ነው። መብራት ይለቀቃል፤ የመቆጣጠሪያው መስታወት ይበራል፤ ማሽኑ ግን አይንቀሳቀስም፣ ወይም ቀይ ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ገዢው «ኮንትሮለሩ ተበላሽቷል» ብሎ ይደውላል። አስመጪው «ፋብሪካው ፈትኖ ነው የላከው» ብሎ ይመልሳል። ፋብሪካው ደግሞ ከሩቅ ሆኖ «ቪዲዮ ላኩ» ይላል። በመጨረሻ ሌላ መቆጣጠሪያ በውጭ ምንዛሪ ይታዘዛል፤ ወራት ያልፋሉ፤ አዲሱ ይገጠማል፤ ማሽኑም እንደ ቀድሞው ዝም ይላል። ከመጀመሪያውም የታመመው መቆጣጠሪያው አልነበረምና። የምንዛሪው ተመን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ብር ምን ያህል እንደ ወረደ የሚያውቅ አስመጪ፣ እንዲህ ያለው ስሕተት ከትርፉ ምን እንደሚቈርጥበት ሊነገረው አያሻም።

መቆጣጠሪያ በተፈጥሮው ጠርጣሪ ዕቃ ነው። ከሚጠብቃቸው ምልክቶች አንዱ ቢጐድልበት ሥራውን አይጀምርም፤ ይህም ጉድለቱ ሳይሆን ጠባዩ ነው። ለአደጋ ጊዜ የተሠራው ቀይ ማቆሚያ ተጭኖ ቀርቶ ከሆነ አይንቀሳቀስም። በየጠርዙ ያሉት ሊሚት ስዊቾችም በአብዛኛው የሚታሰሩት ሳይነኩ ኤሌክትሪክ እንዲያሳልፉ፣ ሲነኩ እንዲያቋርጡ ሆነው ነው፤ ሽቦው ቢበጠስ ማሽኑ ሳያውቅ እንዳይሮጥ። ስለዚህ ከጂቡቲ ተነሥቶ በሞጆ ደረቅ ወደብ በኩል እስከ ሥራ ቤቱ በተደረገው መንገጫገጭ አንዲት ብሎን ከላላች፣ መቆጣጠሪያው ጠርዝ የደረሰ መስሎት ይቆማል። መድኃኒቱ ካቻቢቴና ቴስተር ነው። የሦስቱ ፌዝ ቅደም ተከተል ተገልብጦ የታሰረ እንደሆነ ደግሞ የማሽኑ ዘይት ፓምፕ ወደ ኋላ ይዞራል፤ ግፊት ስለማይሰጥም መቆጣጠሪያው ያስጠነቅቃል። ገዢውም እንደገና ኮንትሮለሩን ይከሳል። 24 ቮልት ማውጣት የሚገባው ፓወር ሰፕላይ 24 ማውጣቱን መለካት አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

አንዳንዱም ነገር ብልሽት ሳይሆን ሒሳብ ነው። ሞተሩ አንድ ዙር ለመዞር 1,600 ምት የሚሻ ቢሆን፣ ጥምዝ ዘንጉም በአንድ ዙር 5 ሚሊ ሜትር የሚያስኬድ ቢሆን፣ ለአንድ ሚሊ ሜትር 320 ምት ያስፈልጋል። በመቆጣጠሪያው ላይ የተጻፈው 160 ከሆነ፣ 100 ሚሊ ሜትር የታዘዘው ማሽን 50 ብቻ ይሄዳል። ሚዛኑን ያላስተካከለ ባለሱቅ ሁሉ የሚያውቀው ስሕተት ነው። የስፒንድሉ ግን ከዚህ ይከፋል። በእንጨት መቅረጫዎች ላይ የተለመደው ዓይነት በ400 ኸርዝ በደቂቃ 24,000 ጊዜ የሚዞር ሲሆን፣ ኢንቨርተሩ ለተራ ሞተር እንደ ተሰናዳ በ50 ኸርዝ ከቀረ 3,000 ብቻ ይዞራል፤ በዚያ ዝቅተኛ ፍጥነት ሙሉውን ቮልት ስለሚቀበልም ሊቃጠል ይችላል። ይኸው ኢንቨርተር የመሬት ሽቦው በደንብ ካልታሰረ፣ ኬብሉም ሽፋን የሌለው ከሆነ፣ በሚረጨው የኤሌክትሪክ ሁከት መቆጣጠሪያውን ያደናግረዋል።

ያገለገሉ ማሽኖች የሚያስመጡ ነጋዴዎች ደግሞ አንድ ነገር ለይተው ሊያውቁ ይገባል። በብዙ መቆጣጠሪያዎች ውስጥ የማሽኑ ልክና ጠባይ የተመዘገበበት ፓራሜትር የሚባለው ጽሑፍ የሚጠበቀው በባትሪ ኃይል ነው። ማሽኑ ተነቅሎ በመጋዘንና በባሕር ላይ ብዙ ሲቆይ ባትሪው ያልቃል፤ መዝገቡም ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ1952 በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ለዕይታ የቀረበው ቀደምት ማሽን ትእዛዙን ያነብ የነበረው ከተበሳ የወረቀት ጥብጣብ ነው፤ ወረቀት ባትሪ አይሻም። የዛሬው ገዢ ግን ማሽኑ ከመነቀሉ በፊት የፓራሜትሩን ቅጂ ካላስወሰደ፣ የተረከበው ትዝታውን ያጣ ብረት ነው።

ይህ ሁሉ የቴክኒሻን ጉዳይ ነው እንጂ የነጋዴ አይደለም የሚል አይጠፋም። ስሕተቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ባወጣውና እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በሚሠራበት ዩሲፒ 600 በተባለው ደንብ መሠረት፣ ኤል ሲ የሚከፍቱ ባንኮች የሚመረምሩት ሰነዱን እንጂ ዕቃውን አይደለም። ፋክቱሩና የመርከብ ጭነት ሰነዱ የተስተካከሉ ከሆነ ገንዘቡ ይከፈላል፤ ማሽኑ ይሥራ አይሥራ ባንኩን አይመለከተውም። እንግዲህ ባንኩ የሚያየው ሰነድ ብቻ ከሆነ፣ ጠቃሚውን ነገር ሰነድ ማድረግ የአስመጪው ብልሃት ነው። በፋብሪካው ውስጥ ማሽኑ ሲቈርጥ ታይቶ የተፈረመ የምርመራ ወረቀት፣ የሽቦው አሠራር ንድፍና የፓራሜትሩ ቅጂ ስለ መላኩ የተሰጠ ማረጋገጫ፣ ለክፍያ ከሚቀርቡት ሰነዶች መካከል እንዲቈጠሩ በኤል ሲው ላይ ማስጻፍ ይቻላል። ቮልቱና ኸርዙም በፕሮፎርማው ላይ 380 ወይም 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ተብሎ በግልጽ ይስፈር።

በአገር ውስጥ ሽያጭ በኩል ደግሞ የዋጋው አንድ ክፍል ማሽኑ በገዢው ቤት የመጀመሪያውን ሥራ እስኪያወጣ ድረስ በውል ቢያዝ ተገቢ ነው። አስመጪዎች ይህን እንደማይወዱት የታወቀ ነው፤ ገንዘባቸው ታስሮ የሚቆይበትን ምክንያት ገዢው በፈለገው መንገድ ሊያራዝመው ይችላልና። ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም። ስለዚህ በውሉ ላይ የመፈተኛው ሥራ ዓይነት፣ የቀኑ ብዛትና የመሬት ሽቦውን የማዘጋጀት ግዴታ የማን እንደሆነ አብሮ ይጻፍ፤ የተከላው ዋጋም ከማሽኑ ዋጋ ተለይቶ ይጠየቅ። በነጻ እንተክላለን የሚል ሻጭ ብዙ ጊዜ የሚልከው ሾፌሩን ነው።

ገዢውም ከወቀሳ አያመልጥም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ገዢ የተረከበውን ዕቃ እንደተመቸው ወዲያውኑ እንዲመረምርና ጉድለት ካገኘ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዛል። ቤቱ ተሠርቶ እስኪያልቅ ሣጥኑን እንደ ታሸገ ወራት የሚያስቀምጥ ሰው ይህን መብቱን በገዛ እጁ ያደክማል።

ለባለሱቆችም በዚህ ውስጥ ንግድ አለ። ማሽኑን ለብዙ ቀናት የሚያቆሙት ዕቃዎች በአብዛኛው ትንንሾች ናቸው፤ ሊሚት ስዊች፣ 24 ቮልት ፓወር ሰፕላይ፣ ሽፋን ያለው ኬብል፣ ኮንታክተርና የመቆጣጠሪያ ባትሪ። የመርካቶ የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብሮች እነዚህን በየዓይነታቸው ቢይዙ ገዢ አያጡም። ባትሪውን የሚያዝ ባለመደብር ግን የተሠራበትን ዘመን አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ለገዢውም በብዙ መቆጣጠሪያዎች ላይ ባትሪ የሚለወጠው ማሽኑ እንደ በራ መሆኑን ይንገረው፤ አጥፍቶ የለወጠው ሰው በማግስቱ ፓራሜትር ፍለጋ ይመጣል።