የመንግሥት በርና የነጋዴ ወረፋ

መንግሥት ለአገር ሀብት መዳበር የሚሠራው ሥራ ብዙ ነው፤ ዳሩ ግን በሁለት ሊከፈል ይችላል። አንደኛው ለሁሉ የሚጠቅመውን፣ አንድ ነጋዴ ብቻውን ሊያደርገው የማይቻለውን መሥራት ነው። ሁለተኛው ያለውን ጥቂት ነገር ይህ ለእገሌ፣ ያ ለእገሌ እያሉ መደልደል ነው። የፊተኛው ሀብትን ሲያበዛ፣ የኋለኛው ግን በቅን አሳብ ቢጀመርም ሰውን ከሰው እያበላለጠ የሚሄድ መሆኑን የኢትዮጵያ ነጋዴ በዓይኑ ያየው ነው።

የፊተኛውን ሥራ ለመረዳት መንገድን መመልከት ይበቃል። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቁሞ ያሠራቸው መንገዶች የባለ ብዙ ካሚዮኑንም የባለ አንድ አህያውንም ጭነት ሳይለዩ አሳለፉ። ሕግም እንደዚሁ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣውና በ2013 ዓ.ም. ከፊሉ በአዲስ ዐዋጅ የተተካው የንግድ ሕግ፣ ውል ለፈረሰበት ነጋዴ ሁሉ፣ ትልቅ ይሁን ትንሽ፣ አንድ ዓይነት ዳኝነት እንዲያገኝ የታሰበ ነው። መንገድና ሕግ ባለቤታቸው ሁሉም ስለ ሆነ፣ አንዱ ሲጠቀምባቸው ለሌላው አይጎድሉም።

ለሁለተኛው ሥራ የውጭ ምንዛሪ አደላደል የታወቀ ምሳሌ ነው። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ድረስ የአንድ ዶላር የባንክ ዋጋ 57 ብር ገደማ ሲሆን፣ በጥቁር ገበያ ግን እጥፍ ያህል ይሸጥ ነበር። ዋጋው ዝቅ ብሎ እንዲቆይ የተደረገው ኑሮ በድኻው ላይ እንዳይከብድ ታስቦ ነው። ስለዚህም ባንኮች ለነዳጅ፣ ለማዳበሪያና ለመድኃኒት ቅድሚያ እየሰጡ፣ ሌላውን አመልካች በወረፋ እንዲያስተናግዱ ታዘዙ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ደግሞ ለ38 ዓይነት ዕቃዎች ማስመጫ ምንዛሪ እንዳይሰጥ ተከለከለ።

ይሁን እንጂ በ57 ብር ዶላር የመጣ ዕቃ መርካቶ ሲደርስ በ57 ብር ሒሳብ አልተሸጠም። ዕቃው ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ ስለ ነበር፣ የተሸጠው ገበያው በሚከፍለው ዋጋ ነው። በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ያለው ልዩነት ለሸማቹ የታሰበ ስጦታ ነበር፤ እጁ የገባው ግን ወረፋው ለደረሰው ሰው ነው። ወረፋውም የሚደርሰው ዋስትና ለሚያስይዝ፣ በባንክ ዘንድ ለሚታወቅ፣ ደጅ ለመጥናት ጊዜና ዘመድ ላለው ነው። ትንሹ ባለ ሱቅ ግን ዕቃውን ከሌላው እጅ በውድ ዋጋ ገዝቶ፣ በደንበኛው ፊት ስሙ ዋጋ አስወዳጅ ተባለ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» በሚባልበት አገር፣ ይህን ያህል ትርፍ የሚያስገኝ ፊርማ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ማኖር ፈተናን መጋበዝ ነው።

በላኪው በኩል የነበረው ጉዳት ከዚህ አያንስም። በ2014 ዓ.ም. በወጣው መመሪያ መሠረት ላኪው ካስገባው ምንዛሪ 70 ከመቶ ለብሔራዊ ባንክ ሲተላለፍ፣ ለራሱ የሚቀረው 20 ከመቶ ብቻ ነበር። ከዚህ የተነሣ ቡናና ሰሊጥ በኪሳራ እየላከ፣ ኪሳራውን በሚያስመጣው ዕቃ ዋጋ የሚክስ ነጋዴ ተፈጠረ። አስመጪነትን ያልደረበና በመላክ ብቻ የሚኖር ነጋዴ ግን ከእርሱ ጋር ተወዳድሮ ሊገዛ አልቻለም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን አደረገ፤ የ38ቱ ዕቃዎች እገዳ ተነሣ፤ ለብሔራዊ ባንክ የማስረከቡም ግዴታ ቀረ። የዶላር ዋጋ በመጀመሪያው ቀን ከ74 ብር በላይ ሆነ፤ በጥቂት ሳምንታትም 100 ብርን አለፈ። በደመወዝ ለሚኖረው ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። «ወረፋው ይመለስና ድኻው ይረፍ» የሚል ሰው ቢኖር፣ አሳቡ ከርኅራኄ የመጣ ስለ ሆነ ሊነቀፍ አይገባውም፤ ነገር ግን መድኃኒቱ ያ አይደለም። ድኻውን መርዳት የመንግሥት ግዴታ ከሆነ፣ እርዳታው በምንዛሪ ዋጋ ውስጥ ተደብቆ ሳይሆን በበጀት ላይ ተጽፎ ሊታይ ይገባዋል። መንግሥት በዚያን ጊዜ ለነዳጅ፣ ለማዳበሪያ፣ ለመድኃኒትና ለምግብ ዘይት ለጊዜው ድጎማ እንደሚያደርግ ማስታወቁ በዚህ መንገድ የሚቈጠር ነው። በግልጽ የተጻፈ ድጎማ ስንት እንደ ሆነና ለማን እንደ ደረሰ ይመረመራል፤ ቢበላሽ ይታረማል። በወረፋ ውስጥ የተሰወረውን ስጦታ ግን ማንም ሊቈጥረው አይችልም።

ነጋዴውም ከዚህ ነገር ነፃ አይደለም። የሁሉ በር እኩል ይከፈት ብሎ ጠዋት የጮኸ ሰው፣ ማታ ለራሱ የጓሮ በር ሊለምን አይገባውም። ለአንዱ ማኅበር የተለየ ፈቃድ፣ ለሌላው የተለየ የቀረጥ ነፃ መብት በተጠየቀ ቁጥር፣ ወረፋው በሌላ ስም ይመለሳል። ከዚህም በቀር በግልጽ የሚደረግ ድጎማም ሆነ መንገድ የሚሠራው በግብር ነው። ደረሰኝ ሳይቈርጥ የሚሸጥ ነጋዴ መንገዱ ተበላሸ፣ ድኻው ተራበ ብሎ መንግሥትን ቢወቅስ፣ ወቀሳው ግማሹ ወደ ራሱ ይመለሳል።

እንግዲህ የመንግሥት ሥራ በሩን ለሁሉ በአንድ ልክ መክፈት፣ በሩ ድረስ የሚያመጣውን መንገድ መሥራት፣ በመንገድ ላይ የደከመውንም በግልጽ መደገፍ ነው። ማን ቀድሞ እንደሚገባ ግን ትጋትና ብልኀት ይወስኑት።