ከእርሻ የወጣው ልጅ ሰሚት ላይ ቆሟል

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሰሚት አዳዲስ ሕንፃዎች በሚሠሩበት መንገድ ካለፋችሁ ታውቋቸዋላችሁ። የፕላስቲክ ጫማ አድርገው፣ አንዳንዶቹ ጋቢ ደርበው ጥግ ይዘው ይቆማሉ። ፒክአፕ ሲመጣ ሁሉም ይሮጣሉ። ፎርማኑ አምስት ሰው መርጦ ይሄዳል፤ የቀረው ሌላ መኪና ይጠብቃል።

ስለ እነሱ የምንሰማው «ገጠሩን ጥለው ከተማውን አጨናነቁት» የሚል ወሬ ነው። እኔ ኢኮኖሚክስ ስማር የሰማሁት ግን ሌላ ነው። በኋላ ኖቤል የተሸለመው አርተር ሉዊስ በፈረንጆቹ 1954 እንደጻፈው፣ እርሻ ላይ የተትረፈረፈው ጉልበት ወደ ፋብሪካ ሲሄድ አገር ያድጋል። እኛም ጋ እኮ ልጁ ሰንፎ አይደለም የወጣው። የአንድ ገበሬ ይዞታ በአማካይ 1 ሄክታር አይሞላም። ለአራት ልጅ ሲከፋፈል ምን ይቀራል?

ስለዚህ ጥያቄው ለምን ወጣ ሳይሆን የት ደረሰ ነው። ከሰሚት ብዙም ሳይርቅ ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። እዚያ ልብስ የሚሰፉት በአብዛኛው ወጣት ሴቶች ናቸው። በታኅሣሥ 2014 አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ ስታስወጣ ደግሞ የውጭ ገበያው ጠበበ። በቃ፣ የሉዊስ ልጅ ፋብሪካ ሳይገባ ባሬላ ተሸከመ። ሕንፃ ደግሞ ያልቃል። ሲያልቅ ልጁ ተመልሶ መንገድ ዳር ነው።

ሕጉስ? የሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ዝቅተኛውን ደመወዝ የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ይላል። ቁጥር ግን አዋጁ ውስጥ የለም። ቢኖርስ፣ ያለ ጽሑፍ ውል አርማታ ለሚያወጣ ልጅ ማን ያስከብርለታል?

«ወደ አገራችሁ ተመለሱ» ማለት መፍትሔ አይደለም። እኔ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው አካል የቀን ሠራተኞቹ ስም ዝርዝርና የጉዳት ኢንሹራንስ እንዳለ ሳያይ ሥራ አያስጀምር። ከፎቅ የወደቀ ልጅ በመዋጮ መታከም የለበትም። ሁለተኛ፣ ሥራ ላይ ግንበኝነት የለመደ ልጅ ኮሌጅ ባይገባም ሲኦሲ ተፈትኖ ወረቀት ይያዝ። በወረቀቱ ቀጣዩን ሥራ በግንበኛ ሒሳብ ይደራደራል።

እናንተም ቤት እያሠራችሁ ከሆነ ነገ ጠዋት ፎርማኑን አንድ ነገር ጠይቁት፦ ከእነዚህ ልጆች አንዱ ቢወድቅ የሚያሳክመው ማነው?