ሚኒባሱም ዳስ ይሆናል

ብዙዎቻችን ቅዳሜና እሁድን የምናውቀው በፕሮግራም ነው። ቅዳሜ ጠዋት የመዘምራን ልምምድ፣ ከሰዓት ሠርግ ወይም የወጣቶች ስብሰባ፣ ማታ የቤት ለቤት ኅብረት፣ እሁድ ደግሞ ከማለዳ ጀምሮ አምልኮ። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ እኛም ያደግነው በዚሁ ነው። ነገር ግን ከአገልጋዮች ልጆች ደጋግመን የሰማነው አንድ ቃል አለ፦ አባታችንን የምናውቀው መድረክ ላይ ነው ይላሉ። ይህን ሰምተን ዝም ብለን ማለፍ አልቻልንም።

ስለዚህ ዛሬ የምንጽፈው አንዳንድ ወገኖች «ይሄ ደግሞ ምን መንፈሳዊነት አለው?» ሊሉ ስለሚችሉት ጉዳይ ነው። ይኸውም የቤተሰብን ሚኒባስ ለአንድ ሌሊት ጉዞ ስለ ማዘጋጀት ነው። አሳባችን አጭር ነው፦ ልጆችን ይዞ ወጥቶ ማደር ቅንጦት አይደለም፤ በቃሉ የማሳደጊያ አንዱ መንገድ ነው። ሆኖም መኪናው ላይ የምንጭነው ነገር ጉዞውን ዕረፍትም ሊያደርገው ይችላል፣ ሸክምም ሊያደርገው ይችላል።

እግዚአብሔር ራሱ ለሕዝቡ ከቤት ወጥቶ የማደር ሥርዓት ሰጥቷል። በዘሌዋውያን 23፥42-43 እስራኤል በየዓመቱ ሰባት ቀን በዳስ እንዲቀመጥ ታዝዟል። ምክንያቱም ተነግሯል፤ ከግብፅ የወጡት አባቶች በዳስ እንደ ኖሩ የሚመጣው ትውልድ እንዲያውቅ ነው። ልጁ ይህን በትምህርት ብቻ ሳይሆን በቅጠሉ ሽታና በሌሊቱ ብርድ ይማረው ነበር። በዘዳግም 6፥7 ደግሞ ወላጅ ቃሉን ለልጁ የሚናገርባቸው አራት ጊዜያት ተዘርዝረዋል፦ በቤት ሲቀመጥ፣ በመንገድ ሲሄድ፣ ሲተኛና ሲነሣ። በከተማ ኑሯችን አራቱም ተሰርቀዋል። ልጁ በሰርቪስ ይሄዳል፤ ስንመጣ ተኝቷል፤ ሲነሣ እኛ ወጥተናል። በአንዲት ሚኒባስ ውስጥ ግን አራቱም በአንድ ቀንና ሌሊት ይመለሳሉ።

እኛ ይህን የተማርነው በአንኮበር መንገድ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ አንኮበር ይደረሳል። ደጋው በድንገት ተቆርጦ እስከ አፋር ቆላ ድረስ ያለው አገር ከእግር በታች ይዘረጋል። ገደሉ ላይ ጭላዳዎች ሣር ሲነጩ ይታያሉ። በኢትዮጵያ ብቻ የምትገኝ፣ የአንኮበርን ስም የያዘች ትንሽ ወፍም የምትኖረው በዚሁ የገደል አፋፍ ነው። ሳይንቲስቶች ያወቋት በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው፤ የሰማዩ አባት ግን ከዚያ በፊትም ይመግባት ነበር። ማቴዎስ 6፥26ን ለልጅ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ቦታ አናውቅም።

የመጀመሪያው ጉዟችን ግን አልተሳካም። ግማሹን ማድ ቤት ጭነን ነበር የወጣነው፦ ሦስት ድስት፣ የከሰል ምድጃ፣ የተዋስነው ጄኔሬተር፣ ስፒከር ሳይቀር። ቅዳሜን ስንጭንና ስናወርድ ዋልን። ማታ ሁላችንም ደክመን ስለ ነበር ልጆቹ ስልክ እያዩ ተኙ። ቤታችንን ከነጫጫታው ይዘነው ነበር የሄድነው።

አሁን የምናደርገው ይህን ነው። ከኋላ ያሉትን ሁለት ረድፍ ወንበሮች እንፈታለን፤ ብሎኖቹን በአንድ ጣሳ አጠራቅመን ስንመለስ መልሰን እንገጥማለን። በቦታው ከእንጨትና ከኮምፔንሳቶ የተሠራ፣ ከሥሩ ሣጥን የሚያስገባ መደብ ይቀመጣል፤ በላዩ በልክ የተቆረጠ ስፖንጅ ይነጠፋል። እናትና ትንንሾቹ ልጆች በመደቡ፣ አባትና ትልልቆቹ በአጠገቡ በድንኳን ያድራሉ። መኪናው ሲንቀሳቀስ ግን መደቡ ላይ ማንም አይተኛም። ለእያንዳንዱ ሰው ቀበቶ ያለው ወንበር ካልተረፈ ሰው ይቀነሳል ወይም ጉዞው ይቀራል።

ከመደቡ ሥር ሦስት ሣጥኖች ይገባሉ፦ አንዱ የምግብ፣ አንዱ የልብስ፣ አንዱ የመሣሪያ። በሦስቱ ያልገባ ነገር አይሄድም። በመሣሪያው ሣጥን ክሪክ፣ የጎማ ቁልፍ፣ ታኮ፣ የእጅ ባትሪ፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ ዕቃና የእሳት ማጥፊያ አለ። ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ወለሉ ላይ ይታሰራል። ከባድ ዕቃ ፖርቶ መጋላ ላይ አይወጣም፤ በጠመዝማዛ መንገድ መኪናውን ያወዛውዛል። ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ እንወርዳለን እንጂ ፍሬኑን እስኪግል አንረግጥም።

ስለ ብርዱ አትሳሳቱ። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል። ለዚህ ከውጭ የመጣ የመኝታ ከረጢት አያስፈልግም። ብርድ ልብሱ እዚያው ደብረ ብርሃን ይሠራል፤ የመንዝ ባናም አለ፤ ጋቢው ቤታችን አለ። አንድ ነገር ግን አጥብቀን እንለምናችኋለን፦ ብርዱ ሲበረታ የከሰል ምድጃ ወይም ቡታጋዝ ወደ መኪናው ወይም ወደ ድንኳኑ አታስገቡ፤ ሞተር አስነሥታችሁም አትተኙ። ከዚህ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፤ የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። መስኮቱን በሁለት ጣት ያህል ከፍታችሁ በብርድ ልብስ ተሸፈኑ።

ምግቡን በተመለከተ እናቶቻችን መልሱን ካወቁት ቆይቷል። አገልግል አላቸው፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ አላቸው። ስንቅ ማለት ቤት ተዘጋጅቶ መንገድ ላይ የሚበላ ነው። እሳት የሚያስፈልገን ለሻይ ብቻ ከሆነ ቀሪው ሰዓት ለልጆቻችን ይተርፋል።

እዚህ ላይ ለአማኝ የሚገባ ሌላ ጥንቃቄ አለ። ዝናቡ አልፎ መንገዱና ሰማዩ የሚመቸው ከኅዳር ጀምሮ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ በአካባቢው ያሉ ኦርቶዶክሳውያን ወገኖቻችን የነቢያትን ጾም ይጾማሉ። ጾመኛ ገበሬ ደጃፍ ላይ ሥጋ መጥበስ ነጻነት አይደለም፤ ሮሜ 14ን አለማንበብ ነው። በዚያ ወቅት አገልግላችን ሽሮና ምስር ይይዛል። መኪናም የምናቆመው ባለ መሬቱን አስፈቅደን ነው። «ቤት ለእንግዳ» ብለን ስንጠይቅ ቆሎና ጠላ ይዘው የመጡ ጎረቤቶች አጋጥመውናል። ጠላውን ባንጠጣም አመስግነን ከሻያችን አካፍለናቸዋል።

እሁድስ? ከሁሉ በላይ የሚከራከሩን በዚህ ነው፤ ትክክልም ናቸው። ዕብራውያን 10፥25 መሰብሰባችንን እንዳንተው ያሳስበናል። ስለዚህ ቅዳሜ ማለዳ እንወጣለን፤ እሁድ ጠዋት ተነሥተን ደብረ ብርሃን ካሉት ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት በአንዱ እናመልካለን። ልጆቻችን የእኛ ጉባኤ ብቻ ቤተ ክርስቲያን እንዳልሆነ የሚያዩት ያን ጊዜ ነው። ይህንንም ቢሆን በየሳምንቱ አናደርገውም፤ በዓመት ሦስት ወይም አራት ጊዜ ይበቃናል። በአገልግሎት ያለ ሰው ደግሞ ተራውን ለሌላ አስረክቦ ይሂድ እንጂ ጥሎ አይጥፋ። ተራውን የሚረከብ ሰው ከጠፋ ግን ችግሩ ከጉዞው በፊት የነበረ ነው፤ ሽማግሌዎች ሊያስቡበት ይገባል።

በዚህ መንገድ ከእኛ በፊት የሄደ ሰው ነበር። ሚስዮናዊው ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ እ.ኤ.አ. በ1839 በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አንኮበር ደርሶ ሦስት ዓመት ያህል በሸዋ ቆየ። መጻሕፍት ቅዱሳትን አደለ፤ ወንጌልን ወደ ኦሮምኛ መተርጎምም ጀመረ። በ1842 ከአንኮበር ወጥቶ በወሎ በኩል ሲጓዝ ግን ተዘርፎ ንብረቱን አጣ። ታሪኩን ማታ ለልጆቻችን ስንነግራቸው አንዱ «ታዲያ ምን ቀረው?» ብሎ ጠየቀን። ቶሎ አልመለስንለትም። በዚያ ጥያቄ ላይ ረጅም ሰዓት ተጨዋወትን፤ ስልክ የጠየቀ ልጅ አልነበረም።

በእነዚህ ዓመታት የሰሜን ሸዋ መንገድ ሁልጊዜ ሰላም እንዳልነበረ ሁላችን እናውቃለን። ከመነሣታችሁ በፊት እዚያ ለሚኖር ሰው ደውላችሁ ጠይቁ። አይሆንም ካሏችሁ አትድፈሩ። እኛም ተዘጋጅተን የቀረንበት ጊዜ አለ። ያን ቅዳሜ ሚኒባሱን ግቢያችን ውስጥ አቁመን፣ ጋቢ ለብሰን፣ ከአገልግሉ በልተን እዚያው አደርን። ልጆቹም እኛ ለጉዞ የምንመርጠው መንገድ ለሌሎች ልጆች በየቀኑ የሚኖሩበት እንደ ሆነ ተረድተው፣ ስለ እነርሱ በየተራ ጸለዩ። ዳስ ለመሆን ሚኒባሱ ሩቅ መሄድ እንዳላስፈለገው ያወቅነው በዚያ ሌሊት ነው።

ወገኖች ሆይ፣ መኪና የሌላችሁም አትዘኑ። ጥያቄው የመኪና አይደለም። በሚመጡት ወራት ከልጆቻችሁ ጋር የምትተኙበትና የምትነሡበት አንድ ሌሊት በቀን መቁጠሪያችሁ ላይ አለ ወይ? ከሌለ ዛሬውኑ አንዱን ምልክት አድርጉበት፤ ለስብሰባ ሲጠሯችሁም «ቀጠሮ አለን» በሉ። ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።