ሠራተኛ የሚመርጥ መሣሪያና የስምጥ ሸለቆ ከተሞች

አሠሪና ሠራተኛ የሚገናኙበት መንገድ በየዘመኑ ሲለዋወጥ የኖረ ነው። ቀድሞ ሰው በምስክርና በዋስ ይቀጠር ነበረ፤ ቀጥሎ በማስታወቂያ ሰሌዳና በማመልከቻ ሆነ፤ አሁን ደግሞ ማመልከቻ አንብቦ ይህ ይጠራ፥ ያ ይቅር የሚል ሰው ሠራሽ አስተውሎት ተነሥቷል። ይህም ዕቃ ገበያ አለው፤ በገበያውም እርስ በርሳቸው የሚፎካከሩ ታላላቅ አገሮች ይገኛሉ።

የሩቅ አገር ገበያ ለአዳማ ምኗ ነው የሚል ቢኖር በዙሪያው ይመልከት። በ2011 ዓመተ ምሕረት የተመረቀው የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ የቻይና ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎችን ተቀብሏል፤ በባቱም ከዝዋይ ሐይቅ አጠገብ የሆላንድ ሰዎች ያቋቋሙት የአበባ እርሻ አለ። ከባሕር ማዶ የመጣ ድርጅት የአገሩን ልማድና መሣሪያ ይዞ ሊመጣ እንደሚችል መገመት አያስቸግርም።

ገበያው ግን በየአገሩ አንድ አይደለም። በአሜሪካ ታላላቅ ኩባንያዎች እጅግ ብዙ ማመልከቻ ስለሚደርሳቸው መሣሪያውን በተለይ ወረቀት ለማበጠር ይገዙታል። አማዞን ያሠራው እንዲህ ያለ መሣሪያ፥ የተማረው አብዛኞቹ ወንዶች ካቀረቡት የዐሥር ዓመት ማመልከቻ ስለ ነበረ፥ ሴቶችን ዝቅ አድርጎ ሲመዝን ተገኝቶ መተዉ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2018 ተሰማ። የኒው ዮርክ ከተማም ከ2023 ጀምሮ አድልዎ እንዳለበት በየዓመቱ በገለልተኛ መርማሪ ያልታየ መሣሪያ እንዳይሠራበት ከልክላለች። በቻይና ደግሞ ቦስ ዢፒን በሚባለው መድረክ ሥራ ፈላጊው በእጅ ስልኩ ከአሠሪው ጋር በቀጥታ ይነጋገራል፤ ማን ከማን እንደሚገናኝ የሚያቀርበው መሣሪያው ነው። በ2021 የጸናው የቻይና ሕግ፥ ጥቅሙን በብርቱ የሚነካ ውሳኔ በመሣሪያ ብቻ የተሰጠበት ሰው ማብራሪያ እንዲጠይቅና እምቢ እንዲል ፈቅዷል። የአውሮፓ ኅብረት የ2024 ሕግ ከሁሉ ይጠብቃል፤ ሠራተኛ መምረጫውን ከፍተኛ አደጋ ካላቸው መካከል መድቦታል፥ ከሕክምናና ከደኅንነት በቀርም በሥራ ቦታ የሰውን ስሜት ከፊቱ የሚገምት መሣሪያን አግዷል።

እነዚህ ሕጎች የየአገራቸውን ሰው ይጠብቃሉ እንጂ መሣሪያው ወደ አዳማ ሲሻገር ተከትለውት አይመጡም። መሣሪያውም የተማረው ከሌላ ሕዝብ ነው። ኢትዮጵያዊ በራሱና በአባቱ ስም ይጠራል እንጂ የቤተ ሰብ መጠሪያ የለውም፤ በላቲን ፊደልም ሲጻፍ የአንድ ሰው ስም ዛሬ አንድ ዓይነት፥ ነገ ሌላ ዓይነት ይሆናል። ከመቂ ወይም ከወንጂ የመጣች ልጅ ትምህርቷን በ2015 ዓመተ ምሕረት የፈጸመችበትን ማስረጃ ብታቀርብ፥ ዘመኑን በአውሮፓ አቆጣጠር የሚያነብ መሣሪያ ስምንት ዓመት ያህል ሥራ ፈትታ እንደ ተቀመጠች ይቆጥርባታል። የተጣለችበትን ምክንያት እርስዋም አታውቅ፥ የመዘገባትም ጸሐፊ አያውቅ። የቀድሞው ደላላ ቢያጠፋ እንኳ በደጁ ቆመው የሚወቅሱት ሰው ነበረ።

ይህን ማለት መሣሪያው ፈጽሞ አይግባ ማለት አይደለም። በዘመድና በምልጃ መቅጠር ስንቱን ባለሙያ ከደጅ እንደ መለሰ የማያውቅ የለም። የሰውም ምርጫ ከስሕተት አይነጻም፤ ነቢዩ ሳሙኤል በእሴይ ቤት አስቀድሞ ያየው ቁመተ ረጅሙን ኤልያብን እንደ ነበረ ሊቃውንቱ ያስታውሳሉ። ነገር ግን ሳሙኤል የቀረ ልጅ እንዳለ ጠይቋል፤ መሣሪያው አይጠይቅም።

ሕጉ ከባዶ አይጀመርም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በብሔር፥ በፆታ፥ በሃይማኖትና በአካል ጉዳት መለየትን ከልክሏል፤ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃን ይጠብቃል፥ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የሚቀረው የየከተማው የሥራ ጉዳይ ሹማምንት ድርጅቶቹን በምን መሣሪያ እንደሚመርጡ፥ ማን እንደ ሠራው፥ የተጣለም ሰው ቅሬታውን ለማን እንደሚያቀርብ ጠይቀው መልሱን በጽሑፍ መያዝ ነው። ይህም መሣሪያው ሳይተከል ቢጠየቅ ቀላል ነው፤ ከተተከለ በኋላ ግን ፋብሪካው ሻጩን፥ ሻጩም ባሕር ማዶ ያለውን ሠሪ እያመለከተ ቀኑ ያልፋል።