በአንጎል ውስጥ የሚታደነው ዘረኝነት

በተማሪዎች መካከል በሚደረገው ክርክር አንድ ሐሳብ ደጋግሞ ሲነሣ እንሰማለን። ይኸውም፤ «ዘረኛ ሰው በአፉ ቢዋሽ አንጎሉ አይዋሽም፤ የአንጎልን እንቅስቃሴ የሚለካ መሣሪያ ከተገኘ ዘንድ ዳኛውንም፣ ፖሊሱንም፣ ቀጣሪውንም በዚያ እየመረመሩ መሾም ነው» የሚል ነው። ሐሳቡ ለጆሮ ደስ ይላል። እኛ ግን አንቀበለውም። የማንቀበለውም ሳይንስን ጠልተን ሳይሆን፣ ሳይንሱ ራሱ የሚለውን አንብበን ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በ2000 በአሜሪካ ኤሊዛቤት ፌልፕስ፣ ማህዛሪን ባናጂና ባልደረቦቻቸው ጥቂት ነጭ አሜሪካውያንን ኤፍ.ኤም.አር.አይ. በሚባለው መሣሪያ ውስጥ አስተኝተው የማያውቋቸውን የጥቁሮችና የነጮች ፎቶግራፍ አሳዩአቸው። ይህ መሣሪያ ሐሳብ አያነብም። የሚለካው በአንጎል ደም ውስጥ የሚታየውን የኦክስጂን ለውጥ ነው፤ ይህም ምልክት ነገሩ ከሆነ ከጥቂት ሴኮንዶች በኋላ ዘግይቶ የሚደርስ ነው። ተመራማሪዎቹ ያተኰሩት አሚግዳላ በምትባለው፣ የለውዝ ፍሬ በምታህለው፣ ሰው ሲፈራና ሲነቃ በምትሠራው የአንጎል ክፍል ላይ ነበር።

ውጤቱ እንዲህ ሆነ። ሰዎቹ ስለ ጥቁሮች ያላቸውን አስተያየት በመጠይቅ ሲጠየቁ የሰጡት መልስ ከአሚግዳላቸው እንቅስቃሴ ጋር አልተዛመደም። ነገር ግን ፊቶችንና ቃላትን በፍጥነት እያዛመዱ ቁልፍ በሚጫኑበት ፈተና፣ እንዲሁም ድንገት ደንግጦ ዓይን በሚርገበገብበት መጠን ብዙ አድልዎ የታየባቸው ሰዎች፣ አሚግዳላቸውም ለጥቁር ፊት ይበልጥ ተንቀሳቀሰ። አፍ ሌላ፣ አንጎል ሌላ ሆነ ማለት ነው። ጓደኞቻችን የሚጠቅሱት እስከዚህ ድረስ ነው።

የዚያኑ ጥናት ሁለተኛ ክፍል ግን የሚያነሣው የለም። ፎቶግራፎቹ የዝነኞችና የተወደዱ ጥቁሮችና ነጮች በሆኑ ጊዜ ያ ዝምድና ታጣ። አንጎሉ ያው አንጎል ነው፤ የተለወጠው ፊቱን ማወቁ ነው። ደግሞም በ2003 ፌልፕስ ራስዋ ሁለቱም አሚግዳላዎቿ የተጎዱባትን አንዲት ሕመምተኛ መርምራ፣ በፍጥነቱ ፈተና ሴትዮዋ እንደ ማንኛውም ሰው አድልዎ እንዳሳየች ገለጠች። እንግዲህ አሚግዳላ የዘረኝነት ማደሪያ ከሆነች፣ ቤቱ ፈርሶ እንግዳው እንዴት ሳይወጣ ቀረ?

በ2005 ሁለት ጥናቶች ወጡ። በሎስ አንጀለስ የተደረገው፣ ጥቁር አሜሪካውያን ራሳቸው የጥቁር ፊት ሲያዩ አሚግዳላቸው ከነጭ ፊት ይልቅ እንደሚንቀሳቀስ አሳየ። በፕሪንስተን ሱዛን ፊስክና ሜሪ ዊለር ያደረጉት ደግሞ እኛን ይበልጥ አስደንቆናል። ተመልካቾቹ «ይህ ሰው ዕድሜው ከ21 ዓመት በላይ ነውን?» ተብለው ሲጠየቁ የአሚግዳላ ልዩነት ታየ። «ይህ ሰው ይህን አትክልት ይወድ ይሆን?» ሲባሉ ግን ልዩነቱ አልታየም። እስቲ ይታሰብ! ስለ ምግብ የቀረበ አንድ ጥያቄ ያን ሁሉ የተፈራ ምልክት አጠፋው። ሰውን በመደቡ ሳይሆን በምርጫው ለማወቅ ሲሞክሩ አንጎልም ሌላ ሥራ ይሠራል።

በ2013 ኢቫ ቴልዘርና ባልደረቦቿ ከ4 እስከ 16 ዓመት የሆኑትን ልጆች መርምረው፣ አሚግዳላ ለጥቁር ፊት የምታሳየው ልዩነት በሕፃናቱ ላይ እንደሌለና በጉርምስና ወራት ብቻ እንደሚመጣ ጽፈዋል። ልዩ ልዩ ዘር ካላቸው ባልንጀሮች ጋር ባደጉት ላይ ደግሞ አነስ ብሎ ተገኝቷል። ስለዚህ መሣሪያው የሚያሳየን በልጅነት ያልነበረውን፣ ኋላ የመጣውን ነገር ነው። በአገራችንም ሰው በመልኩ ጥቁረትና በአፍንጫው ቅርጽ ሲሰደብ እየሰማ የሚያድግ ልጅ አለና፣ ይህን ውጤት የባሕር ማዶ ወሬ ብቻ አድርገን ማለፍ አይገባንም።

ልኬት ራሱ ንጹሕ ነው ለሚሉንም አንድ ታሪክ እናስታውሳቸው። ሳሙኤል ሞርተን የተባለው የፊላደልፊያ ሐኪም በ1839 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የራስ ቅሎችን በፍሬ እየሞላ ሰፍሮ፣ ነጮችን በአማካይ በ87 ኪዩቢክ ኢንች ከሁሉ በላይ፣ ጥቁሮችን በ78 ከሁሉ በታች አስቀመጠ። ጥቁሮችን ሁሉ የጠራቸውም «የኢትዮጵያ ዘር» ብሎ ነው፤ ሳናውቀው በስማችን ተሰፍረናል። ያ ሰው ቍጥር አልጐደለበትም። የጐደለበት ቍጥሩ ምን እንደሚያመለክት የሚጠይቅ ልብ ነው።

ዛሬም መሣሪያው ማንን እንደሚለካ መጠየቅ ተገቢ ነው። የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ የሚቀዳው ኢ.ኢ.ጂ. ገመዶቹ ከራስ ቆዳ ጋር መጣበቅ ስላለባቸው፣ ከርዳዳና ጥቅጥቅ ያለ ጠጉር ባላቸው ሰዎች ላይ በደንብ አይሠራም ነበር። በፒትስበርግ ካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ አርኔል ኤቲየን የተባለች ተማሪ ከመምህራኗ ጋር ሆና፣ ጠጉሩ ሹሩባ ተሠርቶ ገመዱ በጉንጉኑ መካከል የሚያዝበትን ዘዴ በ2020 አቀረበች። እናቶቻችን በየደጃፉ የሚሠሩት ሹሩባ ከዚያ ላቦራቶሪ ሲገባ ማየት ያስደስታል፤ ነገር ግን ኢ.ኢ.ጂ. ከተፈለሰፈ መቶ ዓመት ሊሞላው ሲል ነው የገባው። በዚያ ሁሉ ዘመን «የሰው አንጎል» ሲባል የማን አንጎል ነበር?

ጥናቱ ይቁም አንልም። አድልዎ እንዴት እንደሚማሩትና እንዴት እንደሚለዝብ ለማወቅ ይጠቅማል። ወደ ፍርድ ቤትና ወደ መሥሪያ ቤት ይግባ የሚለውን ግን እንቃወማለን። አንደኛ፣ የጥቂት ሰዎች አማካይ ስለ አንድ ግለሰብ አይመሰክርም። ይልቁንም ደግሞ፣ አንጎሉ ጸጥ ያለለት ቀጣሪ ነፃ ነህ ተብሎ ወረቀት ይዞ ይወጣና ማመልከቻ ወደ መጣል ሥራው ይመለሳል። ማሪያን ቤርትራንድና ሴንዲል ሙላይናታን በቦስተንና በቺካጎ 5,000 ያህል የሥራ ማመልከቻ ልከው በ2004 ያሳተሙት ጥናት የማንንም ራስ አልመረመረም። ችሎታው አንድ ሆኖ የነጭ ስም የያዘው ከ10 ማመልከቻ አንድ ጥሪ ሲያገኝ፣ የጥቁር ስም የያዘው ከ15 አንድ አገኘ። ይህ ልኬት ተበዳዩ የሚፈልገው ልኬት ነው፤ የተዘጋውን በር ቈጥሯልና።

የወገናችን የሙሉጌታ ሥራው ጉዳይም ይኸው ነው። ለትምህርት አሜሪካ የሄደው ይህ ወጣት በኅዳር 1988 በፖርትላንድ ከተማ በዘረኞች በዱላ ተደብድቦ ሞተ። በ1990 በዚያው ከተማ የተሰየመው ሸንጎ ከገዳዮቹ አልፎ፣ ወጣቶቹን በትምህርቱ ያነሣሣውን ቶም ሜትዝገርን ጭምር ተጠያቂ አድርጎ 12.5 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ፈረደ። ሸንጎው የመዘነው የተነገረውን ቃል፣ የተላከውን ሰው፣ የተፈጸመውን ድርጊት ነው።

ከእኛ የተለየ አስተያየት ያላቸው ጓደኞቻችንና መምህራን በሚቀጥለው እትም መልስ እንዲጽፉልን እንጠይቃለን። በተለይ የ2000ውን ጥናት የሚያስተምሩ መምህራን የ2003ቱንም አብረው ቢያነቡልን ምስጋናችን የላቀ ነው።